የሚጡ ክፍል ግድግዳ

ሰዓት ሠሪው ከሥራ ሲገባ ጫማውን ከማውለቁ በፊት ግድግዳ ይነካል። ኮቱን እንደለበሰ፣ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ በቀጥታ ወደ ልጁ ክፍል ይገባና ከአልጋዋ ራስጌ በላይ መዳፉን ልስኑ ላይ ይለጥፋል። እርጥብ ነው። ጠዋትም እርጥብ ነበር፤ ነገም እርጥብ እንደሚሆን አያጣውም። ግን ቁልፍ የጠፋበት ሰው ባዶነቱን ያየውን ኪስ መልሶ መላልሶ እንደሚፈትሽ ሁሉ፣ እሱም መንካቱን አልተወም።

ቤተሰቡ በልጅነቱ «ጉንዳን» ያለው በከንቱ አልነበረም። ቁጭ ማለት አይሆንለትም። እንግዳ ቤት ሄዶ ወንበር ሲሰጡት የወንበሩን እግር ያነቃንቃል፤ ሻይ ሲያቀርቡለት የስኒውን እጀታ ይመረምራል። ጸጥ የሚለው ሱቁ ውስጥ፣ የቆመ ሰዓት ተከፍቶ ፊቱ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ትንፋሹን ውጦ ያያል፣ ሰዓቱ ለምን እንደቆመ እስኪነግረው ድረስ። ምክንያቱን ያጣ ቀን ግን ጉንዳን መሆኑ ይቀርና ገብረ ጉንዳን ይሆናል፤ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል።

አሁን ምክንያቱ የጠፋበት ግድግዳው ነው። ልስኑ እየላላ ይረግፋል። ቀለሙ ሥር ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ከራስጌው በላይ ደግሞ ጥቁር ሻጋታ ነጠብጣብ እየሠራ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ሻጋታ ሥር የምትተኛው ሚጡ ናት፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች አንድዬ ልጁ። ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል። ሳል ሲጀምራት ትንሽ ገላዋ ሁለት ላይ ይታጠፋል። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ሲጨርስ ወላጆቿን አየት አደረገና «መድኃኒት እሰጣታለሁ» አለ፤ «ግን ያንን ክፍል እየተነፈሰች ከሆነ ውሃ መውቀጥ ነው።»

ሌላ ክፍል ቢኖር ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ቤቱ ግን ጠባብና ረጅም ነው፤ ያሉት ክፍሎች በሙሉ ጀርባቸውን የሰጡት ለዚያው ለአንዱ ግድግዳ ነው። አልጋዋን ወደ ሳሎን ቢያወጡት ሳሎኑም ረጥቧል። ሚስቱ ታገሠች፣ ታገሠች፤ አንድ ጠዋት ሚጡ እያሳለች ከንፈሯ ሲጠቁር ስታይ ግን ትዕግሥቷ አለቀና ሻንጣ አወረደች።

«እናቴ ጋ እወስዳታለሁ» አለች።

«እስከ መቼ?»

«ግድግዳህ እስኪደርቅ።»

«ግድግዳዬ? ቤቱ የሁላችን አይደለም እንዴ?»

«ግድግዳው ያንተ ነው፤ ሳንባው ግን የሷ ነው» አለችና የልጅቷን ሹራብ አጥፋ ሻንጣው ውስጥ አስገባች። «ናፈቃችሁኝ ብለህ እንዳትደውል። አንተም ሳትናፍቀኝ ቀርተህ አይደለም። ደረቀ ብለህ ደውል፣ የዚያኑ ዕለት እንመጣለን።»

አማቱ የምትኖረው ሩቅ ከተማ ነው። አውቶቡሱ ሲነሳ ሚጡ በመስኮት እጇን እያወዛወዘች ነበር፤ እሱ ግን የመኪናው መስኮት ላይ የተጠራቀመውን ጉም ያይ ነበር። ይኸም እርጥበት ነው አለ በልቡ። ሰው ልጁን እየሸኘ ስለ መስታወት ላብ ካሰበ ነገሩ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበታል ማለት ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላም የሚባል ነገር ራቀው። ቤቱ ባዶ ሲሆን ሳሏ የጠፋበት ጆሮው ራሱ ያሳል ጀመር። ምግብ ከድስቱ ላይ ቆሞ ይበላል። ሱቅ ይከፍታል፣ የሰው ሰዓት ይፈታል፣ መልሶ ሳይገጥም ግድግዳውን ሊያይ ወደ ቤት ይሮጣል። ደንበኞቹም አወቁበት፤ «ሰዓቴ ደረሰ ወይ?» ማለቱን ትተው «ግድግዳው እንዴት ዋለ?» ይሉት ጀመር።

ምክር ደግሞ ነፃ ነው፤ ሁሉም ሰጠው። ቀለም ቀቢው «ውሃ የማያሳልፍ ቀለም እያለ ምን አስጨነቀህ?» አለና ክፍሉን በነጭ አሳመረለት። ለጥቂት ጊዜ ሙሽራ መሰለ። ከዚያ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ፤ ሰዓት ሠሪው በመርፌ ወጋ ሲያደርገው ውሃው ክርኑ ድረስ ወረደበት። ከሱቁ ጎን ያለው ፀጉር አስተካካይ «ትንፋሽ ነው፣ ትንፋሽ! መስኮት አትከፍቱም» አለ። ጎረቤቱ እማማ ደግሞ ከደጃፋቸው ሳይነሱ «ልጄ፣ ከሥር ምንጭ አለ፤ መሬቱ እንደሆነ ቢቀቡት ቢለስኑት አይታዘዝም» ብለው ፈረዱ።

ሰዓት ሠሪው ሁሉንም አልናቀም፤ ሁሉንም ግን አላመነም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። አንድ ፌስታል ቀደደና ግድግዳው ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው። ዘዴውን ያስተማረው ግንበኛ የነበረው አባቱ ነው፦ ውሃው ከፌስታሉ ፊት ላይ ከተገኘ የክፍሉ ትንፋሽ ነው፤ ከጀርባው ከተገኘ ግን ከግድግዳው ሆድ የመጣ ነው። በማግስቱ ፊቱን ዳሰሰ፣ ደረቅ። ገለጥ ሲያደርገው ጀርባው በጠብታ ተሞልቷል። ፀጉር አስተካካዩ ከጨዋታው ወጣ።

ቀጥሎ ቧንቧውን ሁሉ ዘግቶ የውሃ ቆጣሪው ፊት ተንበረከከ። መርፌ ማየት ሥራው ነው፤ የቆጣሪዋ መርፌ ንቅንቅ አላለችም። የሚፈስ ቧንቧ የለም። ከዚያ በደጅ በኩል ያለውን መሠረት በአካፋ ገለጠው። አፈሩ ዱቄት ነው። ደግሞስ ውሃው ከመሬት የሚወጣ ቢሆን ከወለሉ ጀምሮ ሽቅብ በወጣ ነበር፤ ይህ ግን ከኮርኒሱ ሥር ተነሥቶ ቁልቁል ነው የሚወርደው። እማማም ወጡ። ጣሪያው ላይ ወጣና የላሉ ምስማሮችን ለወጠ፣ አሸንዳውን ጠረገ፣ የተጠረጠረውን ቆርቆሮ በሙሉ ነቅሎ መለሰ። ዝናብ መጣ፤ ከኮርኒሱ ጠብ ያለ ነገር የለም። ጮቤ ረገጠ። ዝናቡ አባርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ ልብሱን ካሰጣ በኋላ ግን ግድግዳው ቀስ ብሎ ማላብ ጀመረ።

ይህ ነው ያሳበደው። ከላይ አይደለም። ከታች አይደለም። ከውስጥ አይደለም። ታዲያ የቀረው ጎን ነው፤ በጎን በኩል ያለው ደግሞ ወንድሙ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ የግድ ነው፣ ምክንያቱም የሁለቱ ሰዎች ግትርነት ካልታወቀ የግድግዳውም ነገር አይገባም። ቤቱ የአባታቸው ነበር። ታላቁ አናጢ ነው፣ ታናሹ ሰዓት ሠሪ፤ የሁለቱም እጅ ወርቅ ነው። አባታቸው በሞተ ጊዜ ተጣሉ። ታናሹ «አባቴ ሲሞት አልጠራኝም» ይላል። ታላቁ «ጠርቼው ቀረ» ይላል። ከዚህ የበለጠ ከአንዳቸውም አፍ አይገኝም። ቤቱን ሲካፈሉ የሳሎኑን ምንጣፍ ሳይቀር በመቀስ ለሁለት ቀደዱት፤ የሁለቱም ግማሽ እየተተረተረ አለቀ። አክስታቸው ከመሃል ገብታ «ግድግዳው እንኳ የጋራ ይሁን፣ አንድ ግድግዳ ይበቃችኋል» ብትል፣ ታናሹ ዘመድ በሞላበት «የኔ ግድግዳ የሱን ግድግዳ ይነካል? ምን ሲደረግ! አይንካው!» አለ። ታላቁም «አሜን!» አለ። አክስትየዋ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

እንዳሉትም አደረጉት። የድሮው ክፍልፍል ፈረሰና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የብሎኬት ግድግዳ አቆሙ። ጣሪያውም ተቆርጦ እያንዳንዱ በየራሱ ግድግዳ ጫፍ ላይ አበቃ። ደጅ በኩል ለዓይን እንዳያስጠላ ግንበኞቹ መጋጠሚያውን ለሰኑት፤ መንገደኛ ሲያየው አንድ ቤት ነው የሚመስለው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች በሮቻቸውን አጠገብ ለአጠገብ እየከፈቱ፣ ሲተያዩ እንዳልተያዩ እየሆኑ ኖሩ።

«ያ ሰውዬ ነው!» አለ ሰዓት ሠሪው ግድግዳውን በጥፊ እየመታ። ወንድሙን በስሙ መጥራት ካቆመ ቆይቷል። «መታጠቢያውን ወደኔ አዙሮ ሠርቶታል። አውቆ ነው!» ልጁን ከቤት ያስወጣበት ወንድሙ እንደሆነ ሲታሰበው ግድግዳውን ደግሞ መታው። ሆን ተብሎ የተደረገ ነገር ከሆነ ሊከሰው ነው፤ ሊሰድበው ነው፤ ደጁ ላይ ቆሞ መንደሩን ሊሰበስብበት ነው። መጀመሪያ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ጆሮውን እርጥቡ ልስን ላይ ለጠፈ።

የውሃ ድምፅ አልነበረም። የመጋዝ ድምፅ ነበር፣ ሩቅና የታፈነ። መጋዙ ሲያቆም ደግሞ ሳል ተሰማው።

ሚጡ! ዞር አለ፤ አልጋው ባዶ ነው። መልሶ ጆሮውን ለጠፈ። ሳሉ ከግድግዳው ማዶ ነው፤ የትልቅ ሰው፣ የሴት ሳል፣ ረጅምና ደረቅ። የወንድሙ ሚስት ናት። ድሮ «እትዬ» እያለ የሚጠራት፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሸሚዙን አንገት የምታስተካክልለት ሴት። እርጥቡ ጆሮው ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ቆመ።

ከዚያ መሮና መዶሻ አመጣ። ማሰብ ሲያቅተው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ይፈታል። አልጋውን ጎትቶ አወጣ፣ በጣም የረጠበውን ቦታ መረጠ፣ ልስኑን አራገፈና አንዱን ብሎኬት ዙሪያውን ፈልፍሎ ወደ ውስጥ ሳበው። ከጀርባው ወዲያው የወንድሙ ግድግዳ እንደሚገጥመው ተማምኖ ነበር። እጁን ሲሰድ ግን ባዶ ነገር አገኘ። ቀዝቃዛ ባዶ። ጣቶቹ ጭቃ ነኩ፣ የበሰበሰ ቅጠል ነኩ፣ ውሃ ነኩ። ትንሽ ገፋ ሲያደርገው የጣቶቹ አንጓ ሌላ ግድግዳ ገጨ፤ እሱም እንደ ስፖንጅ የራሰ ነው።

ባትሪ አበራ። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል አንዲት መዳፍ የምታህል ክፍተት ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሄዳለች። ወለሏ ላይ የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ ቅጠልና ላባ የተኛበት ውሃ አቁሯል። ወደ ላይ ሲያበራ ባትሪው አላስፈለገም፤ ቀጭን የሰማይ መስመር ይታያል።

ጣሪያ ላይ ወጣ። የዚያን ሰሞን ምስማር ሲለውጥ እዚህ ሲመላለስ ነው የዋለው፤ ግን ሥራውን ሁሉ የሠራው ጀርባውን ለወንድሙ ጣሪያ ሰጥቶ ነበር። በዚያ በኩል ዓይኑን አልጣለም፤ ኩራት ነዋ! አሁን ፊቱን አዙሮ አየ። የሱ ቆርቆሮ እዚህ ያበቃል፣ የወንድሙ ቆርቆሮ እዚያ ይጀምራል፤ መሃሉ አፉን ከፍቶ ሰማይ ያያል። የሚዘንበው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይገባል። መውጫ ደግሞ የለውም፤ ፊትና ኋላው ተለስኗል። ለውሃው የሚቀረው ምርጫ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መስረግ ብቻ ነው።

ሰዓት ሠሪው ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አለና ሳቀ። ከሳቁ ቀጥሎ የመጣው ግን ሳቅ አልነበረም፤ አፈረ። ጣሪያው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፈረ። ልጁን ያሳመመው ምንጭ አይደለም፣ ቀለም አይደለም፣ ወንድሙም ብቻውን አይደለም። ዘመድ በተሰበሰበበት አፉን ሞልቶ የተናገራት ቃል ናት፤ በብሎኬት ተሠርታ እዚያው ቆማለች።

ምክንያቱ ከተገኘ መፍትሔው ቀላል መሰለው። ረጅም ላሜራ ታጥፎ የክፍተቱን አፍ መክደን ነው። ግን ክዳን በአንድ ከንፈር አይቆምም። አንዱ ጠርዝ የሱ ግድግዳ ላይ፣ ሌላው የወንድሙ ግድግዳ ላይ መመታት አለበት። ላሜራውን የወንድሙን ግድግዳ ሳይነካ አሳጥሮ ቢያስቆመው ዝናቡ በቀረችው ክፍተት በኩል ይገባል። ወደ ወንድሙ ጣሪያ አዘንብሎ ቢለቀው የሱን ልጅ አድኖ የሰው ቤት ማጥለቅለቅ ነው። ክፍተቱን በኮንክሪት ቢሞላውስ? ያኔማ ሁለቱ ግድግዳዎች አንድ ሆኑ! በየትኛውም መንገድ ቢዞር መጨረሻው የወንድሙ በር ነው። ስለዚህ ዞረ፤ በአእምሮው ሳይሆን በእግሩ። መንደሩን ዞሮ የወንድሙ በር ሲደርስ ያልፋል፤ ደግሞ ይዞራል። እማማ ከደጃፋቸው «ልጄ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?» አሉት።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ መስላው ነበር፤ ሚጡ ናት።

«አባዬ፣ ደረቀ?»

«ገና ነው፣ የኔ ቆንጆ። ሳልሽ እንዴት ነው?»

«ቀንሷል። አያቴ እዚሁ ትምህርት ቤት ግቢ አለችኝ። ልግባ?»

«አይሆንም!» አለ ጮክ ብሎ። መንገድ ላይ የነበረ ሰው ዞር ብሎ አየው። «አይሆንም፤ ቤትሽ እዚህ ነው። እኔ... እየሠራሁት ነው።»

ስልኩን ሲዘጋ የቆመው የወንድሙ በር ፊት ነበር። አንኳኳ።

የከፈተችው የወንድሙ ሚስት ናት። ስታየው በሩን ይዛ ቀረች። ከስታለች። «እትዬ» ከአፉ አመለጠችው፣ ሳያስባት። እሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ሳል ያዛትና አናጢው ራሱ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ ከኋላዋ ብቅ አለ። ወንድሙን ሲያይ ፊቱ ነጣ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ስለ ግድግዳው ነው።»

«የኔ ግድግዳ ደረቅ ነው» አለ አናጢው ወዲያው፣ ሳይጠየቅ።

«ደረቅ ነው?» አለች ሚስቱ ወደሱ ዞራ። «አልጋችንን መሃል ቤት ያወጣነው ለዳንስ ነው? ግድግዳው ሥር ያስቀመጥከው ያ ሁሉ ጣውላ የሻገተው በምን ኖሯል? ግባ፣ ግባና እይ፤ እኔ መደበቅ ሰልችቶኛል!»

ገባ። የሚያውቀው ክፍል ነው፤ በልጅነታቸው ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ የተኙበት። ግድግዳው ላይ ያው ጨው፣ ያው ሻጋታ። ከሁሉ በላይ ዓይኑን የሳበው ግን ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ነገር ነው፤ አራት ማዕዘን ፌስታል፣ ዙሪያውን በፕላስተር የታሸገ። የአባታቸው ዘዴ። ሁለቱም አዩት።

«ውሃው ከየት በኩል ሆነ?» አለ ታናሹ።

«ከጀርባው።»

«የኔም ከጀርባው ነው።»

«መታጠቢያህን ወደኔ ያዞርክ መስሎኝ ነበር» አለ አናጢው ወለሉን እያየ። «ጠበቃ ሁሉ አናግሬ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ልሰድብህ መጥቼ ነበር። ማለቴ... ልመጣ ነበር።» የሰዓት ሠሪው እጆች የሚይዙት ነገር አጥተው ኪሱ ገቡ፣ ወጡ። «ጋሼ፣ ልጄ ታመመች። ከቤቴ ወጥታለች። እኔ የምፈልገው ልጄን ነው። ዝናቡ የሚገባው በግድግዳዎቻችን መሃል ባለው ክፍተት ነው፤ በላሜራ መክደን አለብን፤ ብቻዬን አይሆንልኝም፤ ያንተን ግድግዳ መብሳት አለብኝ።»

አናጢው «ጋሼ» የምትለዋን ቃል ሰማ። እርሳሱን ከጆሮው አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ሰካው። «ላሜራው ብቻውን ንፋስ ያነሳዋል» አለ በመጨረሻ። «ከሥሩ እንጨት ያስፈልገዋል። እኔ አዘጋጃለሁ።»

ሥራው ላይ እንደ ባዕድ ነበሩ፤ እንደ ባዕድ ግን ጎበዝ ሠራተኞች። መጀመሪያ ፊትና ኋላውን የተለሰነውን መጋጠሚያ ከታች በስተው ያቆረውን ውሃ ለቀቁት፤ መንገዱ ላይ ጥቁር ሆኖ ሲወርድ እማማ «አላልኳችሁም? ምንጭ ነው!» አሉ። ቅጠሉንና ጭቃውን በረጅም ቆልማማ ብረት ጎተቱ፤ አየር ገብቶ እንዲወጣ በየጫፉ ቀዳዳ ተዉ። ከዚያ ወደ ጣሪያ። አናጢው እንጨቱን አስተካክሎ አነጠፈ፣ ታናሹ ያሳጠፈውን ላሜራ በላዩ ዘረጋ። ንግግራቸው «ያዝ»፣ «ያዝኩ»፣ «ሳብ»፣ «በቃ» ነበር። አንድ ጊዜ አናጢው መሰርሰሪያውን እንደያዘ ቆም አለና «ግድግዳህን ልብሳው?» አለ። «ብሳው።» ሌላ ጊዜ ደግሞ ምስማር አፉ ውስጥ እንዳለ «ያን ቀን፣ አባዬ...» ብሎ ጀመረ። ታናሹ «መዶሻውን አቀብለኝ» አለ። ለዚያች ነገር ጣሪያው አልበቃም፤ ሌላ ቀን ይፈልጋታል።

ዝናብ ዘነበ፣ አባራ፣ ፀሐይ ወጣች። ሰዓት ሠሪው ፌስታሉን በአዲስ ፌስታል ለውጦ ግድግዳው ፊት ቆመ። አዲስ ውሃ አልገባም። አሮጌው ግን አለ። ማራገቢያ አመጣ፣ መስኮት ከፈተ፣ ምድጃ አስገባ፣ በየሰዓቱ ገብቶ ነካ። እርጥብ ነው። ተስፋው በአንዴ ተደፋ። ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ ያየዋል።

«ምን ያጣድፍሃል?» አለው። «ብሎኬቱ ይህን ውሃ ሲጠጣ ዓመታት ፈጅቶበታል። በአንድ ፀሐይ አይተፋውም። በጋውን ሙሉ ይፈልጋል።»

«በጋው ሲያልቅ ልጄ እዚያ ትምህርት ቤት ገብታ ትጠብቀኛለች!»

አናጢው የግድግዳውን ጠርዝ በጥፍሩ ቆረቆረ። «መንገድ ዳር ያለው ክፍሌ ደረቅ ነው» አለ። «አሁን ጣውላ የማስቀምጥበት። ጣውላው ውጭ ቢያድር አይሞትም፤ ሸራ አለብሰዋለሁ።»

«ለምን?»

«ለምን ይሆናል? እኔ ልተኛበት ነዋ!» አለና ወጥቶ ሄደ። ቆይቶ ከማዶ ጣውላ ሲጎተት ተሰማ።

ሰዓት ሠሪው ለሚስቱ ደወለ። ውሸት ለመናገር አፉ አልተከፈተለትም እንጂ መዋሸት አምሮት ነበር።

«ደረቀ?» አለች።

«አልደረቀም። ምክንያቱን አግኝተናል፣ ዘግተነዋል፤ ግን ለመድረቅ በጋ ሙሉ ይፈልጋል። ለሚጡ ግን ደረቅ ክፍል አለ።»

«የት?»

«ጋሼ ቤት።»

«ማን ቤት አልክ?» አለች።

ድጋሚ ነገራት። ስታለቅስ ሰማ፤ አፍንጫዋን ስትጠርግም ሰማ። «ልብሷን ላስገባ» አለችና ዘጋች።

ሲመጡ ቀኑ ገና ብሩህ ነበር። አናጢው ክፍሉን ጠርጎ፣ በኖራ ቀብቶ፣ ሌሊት ይሁን ቀን በማይታወቅ ሰዓት የሠራትን ትንሽ አልጋ አስገብቶ በሩ ላይ ይጠብቃል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከኋላው እትዬ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ታቅፋለች። ሰዓት ሠሪው የሚጡን እጅ ይዞ ደጃፉ ላይ ደረሰ። አናጢው ጎንበስ አለና እጁን ዘረጋላት።

ሚጡ ፊቷን አዞረች።

አላፈረችም፣ አልፈራችም። ቀጥ ብላ ቆማ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች፤ በደንብ የተማረችውን ነገር እንደምታሳይ ልጅ። መንገድ ላይ ከዚህ ሰውዬ ጋር ሲተላለፉ አባቷ የሚያደርገው እንዲህ ነው፤ እጇን ጠበቅ ያደርግና «ፊትሽን አዙሪ» ይላታል። ዛሬም እጇን ጠበቅ አድርጎ ይዟታል። የአናጢው እጅ አየር ላይ ቀረ። እትዬ ብርድ ልብሱን ወደ ደረቷ አስጠጋች። የሰዓት ሠሪው ሚስት ወደ ባሏ አየች።

ሚጡ አንገቷ ደከማት መሰለኝ፣ ከዚያው ከዞረችበት ሳትንቀሳቀስ ጠየቀች፦

«አባዬ፣ እስከ መቼ ላዙር?»

ሰዓት ሠሪው ደጃፉ ላይ ተንበረከከ።

«በቃ» አለ። «በቃሽ የኔ ልጅ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አጎትሽ ነው፤ ዙሪና እዪው።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ዞረች። የተዘረጋውን ትልቅ እጅ አየች፣ ከዚያ የአባቷን እርጥብ ፊት አየች፣ ከዚያ ደግሞ እጁን። ትንሽ አሰበችበትና ያዘችው።